ሶኬቱን እርስዎ ይንቀሉት

ውድ እትዬ ደመቀች፣

የጤና ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ ኮምፒውተሩን እርስዎ አላበላሹትም። ይህን የምለው ላጽናናዎ አይደለም። ሰው ለማጽናናት ብዬ ያልመረመርኩትን ነገር እንደማልናገር ያውቃሉ። ፈትቼ፣ ደጋግሜ ሞክሬ ያገኘሁትን ነው የምነግርዎ።

ስልክ ደውዬ ነበር፤ አያነሱም። ቤትዎም መጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጅዎ ሜይታል ናት። «ኢማ ሎ ባባይት» አለችኝ፤ እናቴ ቤት የለችም ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ ስጠይቅ እሷ በዕብራይስጥ ስትመልስ፣ የእርስዎ ጫማ በሩ ጥግ ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ከወጥ ቤት ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል። «ውሃውን ማን ከፈተው?» አልኳት። ልጅቷ ውሸት አልለመደችም መሰለኝ ሳቀች። «ቢልልኝ፣ አፍራለች። ተዋት» አለችኝ፤ ይህችን እንኳ በአማርኛ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ሜይታል የአማርኛ ፊደል ስለማታውቅ ልታነብልዎ አትችልም፤ ራስዎ ያነቡታል። ወገራ ሳሉ በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩት ፊደል እንዳልጠፋብዎ፣ ስምዎን ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ። አጉልቼ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ያን ዓርብ የሆነውን ለእርስዎ መንገር ሞኝነት ይመስላል፤ ነበሩበት። ግን ሁለታችን ያየነው አንድ ነገር አይመስለኝም።

ሳምንቱን ሙሉ በክፋር ጋኒም ሰፈር የሕንፃ ደረጃ ስታጸዱ፣ በሮሽ ሃዓይን ፋብሪካ ስትቆሙ የሰነበታችሁ ሴቶች፣ ዓርብ ጠዋት ከገበያ በፊት ኮምፒውተር ወደማስተምርበት ሞዓዶን ትመጣላችሁ። ይህ የሰፈር ክበብ ለሌላው ሰው የልጆች መጫወቻና የስብሰባ ቤት ነው፤ ለእናንተ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ወንበር ላይ የምትቀመጡበት ቦታ ነው። እርስዎ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ፊት ነበሩ። ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ ስትጠብቅ ዕድሜዋ የሄደው እህትዎ አምሳለ ደግሞ ጎንደር ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ነበር። ከተለያያችሁ ወዲህ ድምፅ እንጂ ፊት አልተያያችሁም። ስካይፑ ጠራ። ካሜራውን ይክፈቱ አልኩዎ፤ ከፈቱ። ፊቷ መጣ።

«አምሳለ፣ አንቺ ነሽ?» አሉ።

እሷም «እታለም» ብላ ሳትጨርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ጽሑፍ ሞላው፤ ድምፁም ጠፋ። እጅዎን እሳት እንደነካው ሰው ከማውሱ ላይ አነሱ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩን መልሰን አስነስተን እንቀጥል ነበር። ግን የሞዓዶኑ ኃላፊ ዳቪድ እንግዶች ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ኮምፒውተር የለገሱ ሰዎች ናቸው አሉ። ዳቪድ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ «ምን ታደርጋቸዋለህ፣ ያገኙትን ሁሉ ይጫናሉ፤ ከዚያ ይበላሻል» አለ። በዕብራይስጥ ነው ያለው፤ እርስዎ ግን ገባዎ። እንዲህ ዓይነቱን ዕብራይስጥ ሁላችንም ቶሎ ነው የተማርነው።

እና እርስዎ ምን አሉ? ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ሻሽዎን አስተካክለው «ስሊኻ» አሉት። ይቅርታ። ሁለት ጊዜ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ የተናደድኩት በዳቪድ ብቻ አይደለም፤ በእርስዎም ነው። በሱዳን በኩል በእግር ስትመጡ መንገድ መሪው ውሃ ሊደብቅ ሲል እጁን አንቀው የያዙት ደመቀች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ያ እጅ ነው ወይ በዳቪድ ፊት እንዲያ የተሰበሰበው? ላልሠሩት ጥፋት ይቅርታ መጠየቅ ትሕትና አይደለም፤ በራስ ላይ በሐሰት መመስከር ነው። ከፍ አድርጌ የተናገርኩዎ መሰለኝ፤ ይሁን። ያንን «ስሊኻ» ከሰማሁ ጀምሮ ድምፄ አልወረደም።

በሚቀጥለው ዓርብ ስመጣ በካሜራው ሥር፣ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ሎ ላጋአት» ይላል፤ አትንኩ። ቆሜ አየሁት። ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን ነበር፤ ሽማግሌዎቻችን ሰው ነክተው ሳይታጠቡ ቤት ስለማይገቡ። ስድብ ነበር፤ ግን አለመንካቱን የመረጥነው እኛ ነበርን። እዚህ ደግሞ ሌላ ሰው መረጠልን። የእርስዎ ወንበር ባዶ ነበር።

ባዶ ወንበርዎ ፊት ስካይፑ ጠራ። ካሜራውን ነቅዬ በድምፅ ብቻ አነሣሁት። አምሳለ ናት።

«እታለም የለችም?»

«አልመጡም። አስተማሪው ነኝ፣ ቢልልኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አስተማሪ ከሆንክ አትዋሸኝም። ፊቴን አይታ ነው የዘጋችው?»

«ኧረ ኮምፒውተሩ ነው የቆመው።»

«እሷም በስልክ እንዲያ ነው የምትለኝ። ማሽኑን ሰበርኩት ትላለች። ሰው ማየት ያስጠላው ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ጥርሴ እንደረገፈ አላወቀችም ነበር፤ አየችኝና ደነገጠች።»

ይህን ያውቁ ነበር? እርስዎ «ሰበርኩት» ባሉ ቁጥር እህትዎ «አስጠላኋት» ብላ ትሰማለች። አንዲት «ስሊኻ» እስከ ጎንደር ሄዳ ሰው አቆሰለች። ያን ቀን ነው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው እንደማልለቀው የወሰንኩት።

ሙያዬም ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ሮሽ ሃዓይን የምሠራውም ዕቃ ከመሸጡ በፊት የት ላይ እንደሚወድቅ መፈለግ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ብልሽቱን መጀመሪያ ደግመህ አምጣው፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ካሜራውን እኔው ራሴ ከፈትኩት፤ ሰማያዊ ሆነ። ዲግሪ ያለው ጣትም ያው ሰማያዊ ነው የሚያመጣው ማለት ነው። ካሜራውን ነቅዬ ከጎንዎ በምትቀመጠው በፋንትነሽ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ እሱም ወደቀ። ከቤቴ ያመጣሁትን ሌላ ካሜራ በእርስዎው ላይ ሰካሁ፤ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። የሞዓዶኑን ካሜራ ቤቴ ወስጄ በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት፤ ሳቄን ሳይቀር አሳየኝ። እሱም ጤነኛ ነው። ሁለት ጤነኞች ሲገናኙ የሚታመሙ ከሆነ፣ በሽታው ያለው በመካከላቸው ነው።

በመካከላቸው ያለው ድራይቨር ይባላል። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። ካሜራው የራሱ ቋንቋ አለው፤ ኮምፒውተሩም የራሱ። የሚያገናኛቸው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንድ ጊዜ በክፍል የነገሩንን ያስታውሱ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ሰጡዎ። እርስዎ ሕመምዎን ከሥሩ ጀምረው ሲዘረዝሩ እሱ ሁለት ቃል ይላል። ሐኪሙ ሲጠይቅ እርስዎን ሳይጠይቅ ራሱ ይመልሳል። በመጨረሻ ሐኪሙ «ይህች ሴት አትተባበርም» ብሎ ጻፈ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እርስዎም ሳቁ። የሆነው በትክክል እሱ ነው። የዚህ ካሜራ አስተርጓሚ የተሠራው ለድሮ ኮምፒውተሮች ነው። ኮምፒውተሮቹ ከአንድ ለጋሽ መጡ፣ ካሜራዎቹ ከሌላ፤ ድራይቨሩን ከአሮጌ ዲስክ የጫነው ሰው ይስማሙ እንደሆነ አልጠየቀም። የአምሳለ ፊት ሲመጣ አስተርጓሚው ሥዕሉን በማይገባው ቦታ አስቀመጠው፤ ኮምፒውተሩም ያለውን እንዳያጠፋ ሁሉን አቆመ። ሰማያዊው ስክሪን ይኸው ነው። እርግማን አይደለም፤ የእርስዎም ጣት አይደለም። ግን ሐኪም ቤትም እዚህም፣ አስተርጓሚው ሲሳሳት የሚወቀሰው በሽተኛው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የካሜራው ሠሪ ድርጅት ድራይቨሩን አድሶ አውጥቷል። በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ እንዲጫን አዘዝኩ፤ የሚጫነው ደግሞ ትምህርቱ አልቆ ኮምፒውተሮቹ ሲዘጉ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ መጥቼ አየሁ፤ አሮጌው ድራይቨር በቦታው ተቀምጧል። እንደገና አዘዝኩ፤ እንደገና አሮጌው ተመለሰ። ሠሪዎቹን ረገምኩ፤ የሞዓዶኑን ኢንተርኔት ረገምኩ፤ ዳቪድ ከኋላዬ እየመጣ ያበላሻል ብዬ ጠረጠርኩ። ማስረጃ ሳይኖረኝ መጠርጠሬን ልብ ይበሉ፤ ይህን በሌላ ሰው ላይ ባየሁ ኖሮ አልምርም ነበር።

በመጨረሻ ትምህርቱ ሲያልቅ ሳልወጣ ቀረሁ። ሴቶቹ ወደ ገበያ ቸኩለው ሲሄዱ ፋንትነሽ ብቻ ቀረች። ጠረጴዛዎቹን ወለወለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የሁሉም ኮምፒውተር ገመድ ወደሚገባበት ማከፋፈያ እጇን ሰደደች። በስክሪኖቹ ላይ በዕብራይስጥ «በመጫን ላይ ነው፤ አታጥፉ» የሚል ተጽፏል።

«ፋንትነሽ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሶኬቱን ልነቅል ነዋ።»

«ተይው። እየሠራ ነው።»

«እኮ፣ እየሠራ ስለሆነ ነው የምነቅለው። ሰንበት እየገባ ማን ይሠራል?»

«ገና እኩለ ቀን ነው።»

«አንተ ሰንበትን ደጅህ ከደረሰች በኋላ ነው እንዴ ቤት የምትጠርግላት?»

«ኮምፒውተር እሳት አይደለም፣ ፋንትነሽ።»

እጇን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። «ታዲያ ለምን ይሞቃል? ዩኒቨርሲቲ የተማርከው አንተ ነህ፣ ንገረኛ።»

ለምን እንደሚሞቅ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ግን የማስረዳው ሁሉ እሷን የሚደግፍ ሆኖ አገኘሁት።

«ደግሞ እኔ አይደለሁም የጀመርኩት» አለች። «እትዬ ደመቀች ናቸው ሁልጊዜ የሚነቅሉት። ሲቀሩ ‹ሰንበትን በእሳት እንዳታስገቢ› ብለው አደራ ሰጡኝ።» ይህን ብላ በዓይኔ ፊት ነቀለችው። ስክሪኖቹ ሁሉ ባንድ ላይ ጠፉ። የገበያ ጋሪዋን ይዛ፣ «ሻባት ሻሎም፣ ጋሼ ቢልልኝ፤ ፊትህን አታጥቁር» ብላኝ ወጣች።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን እንዳያቆሙት። አሁን «እኔ ነኝ፣ ድሮም እኔ ነኝ» ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ይቀመጡና ይጨርሱት።

ይህን ልደብቅዎ እችል ነበር። ፋንትነሽን ዝም አሰኝቼ ጉዳዩን በድራይቨሩ ብቻ መዝጋት እችል ነበር። አላደረግኩትም፤ ግማሽ እውነት ይዞ ሰው ነጻ ማውጣት አይቻልም፤ ደግሞም እርስዎን እንደ ልጅ መጠበቅ ንቀት ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ያስቡት። ካሜራው የወደቀው ለመጀመሪያ ጊዜ በተከፈተበት ቀን ነው። ያን ጊዜ እየተጫነ የተቋረጠ ምንም ነገር አልነበረም፤ አዲሱን ድራይቨር ያዘዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሶኬቱ መነቀል በሽታውን አላመጣም፤ ያዘገየው ፈውሱን ነው። ያዘገየውም ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ በእናንተ ሰንበት አፋፍ፣ በማታነቡት ቋንቋ ማስጠንቀቂያ ጽፎ እንዲጫን ያዘዘ ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሥራ ቦታ እንዲህ ቢሠራ አለቃዬ ይጠይቀኝ ነበር፤ እናንተን ግን ማንም አልጠየቃችሁም፤ ወቀሷችሁ እንጂ።

እሑድ ከሥራ መልስ ዳቪድ ቢሮ ገባሁ። ካሜራውን ከነምርመራው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ስለ ሶኬቱም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ፈገግ አለ።

«እንግዲህ መጨረሻው ላይ እሷው ሆነች» አለኝ።

ይህን እንደሚል አውቄ ነው የሄድኩት። «ቤትህ የሻባት ሰዓት አለህ?» አልኩት። በሰንበት መብራቱን በሰዓቱ የሚያጠፋውን ማለቴ ነው። ኪፓ፣ የሃይማኖተኞችን ቆብ፣ የሚያደርግ ሰው ነው።

«አለኝ።»

«መብራቱን ሲያጠፋ ሚስትህን ‹ቤቱን አበላሸሽው› ትላታለህ?»

«ያ ሌላ ነው።»

«በምን?»

በምን እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ከዚያ እጆቹን ዘርግቶ «በሰደር፣ በሰደር» አለ፤ እሺ በቃ ማለቱ ነው። «በሰደር» ይቅርታ አይደለም አልኩት። ሴትዮዋን የወቀስካት በክፍሉ ውስጥ፣ በሰው ፊት ነው፤ ቃልህን የምትመልሰውም እዚያው ክፍል፣ በሰው ፊት ነው። አየዋለሁ አለኝ። ወደ ክፍሉ ሄጄ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ላጥኩት። ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየነካሁ ነው።»

«ቢልልኝ፣ አንተ ሁልጊዜ ቁጡ ነህ።»

«ቁጡ ነኝ። አሁን ግን አልተሳሳትኩም።»

ዳቪድ ዓርብ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። የእርስዎ መምጣት ግን በእሱ መምጣት ላይ እንዳይንጠለጠል። እሱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ካልመጣም ቢሮው የት እንደሆነ አውቃለሁ።

በዚያው ምሽት አዲሱን ድራይቨር በየኮምፒውተሩ በእጄ ጫንኩ። ኮምፒውተሮቹ በገዛ ራሳቸው የሚያድሱትንም ነገር ዘጋሁት። ከእንግዲህ የሚታደስ ነገር ካለ እሑድ ከሥራ መልስ መጥቼ እኔው አድሰዋለሁ። ዓርብ ስትወጡ በማሽኖቹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምንም ነገር አይኖርም። ሰንበትን ማወቅ ያለበት ኮምፒውተሩ ነው እንጂ እናንተ ለኮምፒውተር ስትሉ ሰንበትን የምታስረፍዱበት ምክንያት የለም።

ባለፈው ዓርብ አምሳለ ስትደውል ካሜራውን ከፈትኩት። ፊቷ መጣ። ቆየ። እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እስኪወድቅ ጠበቅኩ፤ አልወደቀም። እሷ ግን በማየቷ ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

«አንተን ለማየት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ የተመላለስኩት?» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩ ተሠርቷል። እህትዎ አልሰበሩትም፤ ፊትዎንም አይተው አልዘጉም። ምክንያቱን ላስረዳዎ እችላለሁ።»

«አታስረዳኝ። የት አለች?»

ያለኝን መልስ ሁሉ «አታስረዳኝ» ብላ ወስዳብኛለች። ከዚያ ወደ ካሜራው ቀረብ አለች፤ ሆን ብላ አፏን ከፍታ ድዷን አሳየችኝ።

«ይኸው፣ እየው። ይህን ንገራት። አርጅቻለሁ፣ ጥርስ የለኝም፤ ግን ለመታየት አላፈርኩም። ከዚህ ኢንተርኔት ቤት ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል። እሷ ከምን ተሸሽጋ ነው?»

አምጥቼልዎታለሁ፤ ቃል በቃል። ከዚህ የተሻለ ነገር እኔ ልጨምርበት አልችልም።

ዓርብ ጠዋት ትደውላለች። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ማንንም አላስቀምጥም። ካሜራውን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከኋላዎ እንኳ አልቆምም። ይህ ሁሉ ሆኖ ቢወድቅ፣ ወድቆ ያሳየን፤ እፈታዋለሁ። እርስዎ ግን ስሊኻ አይሉም። ያቺን ቃል በበሩ ጥግ፣ ጫማዎ ከነበረበት ቦታ ትተዋት ይምጡ።

ትምህርቱ ሲያልቅም ሶኬቱን እርስዎ ይንቀሉት። ፋንትነሽ አደራዎን አላጎደለችም፤ ግን ገመዱን ይዛ ነው የምትጎትተው፤ እንዲህ ከቀጠለች ማከፋፈያውን ታረግፈዋለች። እርስዎ የሶኬቱን ራስ ይዘው ነበር የሚነቅሉት። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪኑ እስኪጠቁር ይጠብቁ። ከዚያ ያለ ፍርሃት ይንቀሉ፤ ሰንበትም ትግባ።

አሁን እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? መልሱን በሜይታል እንዳይልኩብኝ። ከወንበርዎ ሆነው ይንገሩኝ።

ንዴቱ ገና ያልበረደለት አክባሪዎ፣
ቢልልኝ
ፔታ ቲክቫ